ኮዋቲ የጥርኝ ዘመድ ነው? ስለ ስሙና ስለ ወገኑ እንነጋገር

የቆጪ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን በጅማ የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ቪዲዮ እየዞረ ነው። አፍንጫቸው ረጅም፣ ጅራታቸው ቀለበት ቀለበት ያለው እንስሳት ተከታትለው መንገድ ሲያቋርጡ ይታያል። ሁሉም ጅራታቸውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው አቁመዋል። ከሥሩ «በበለጠ ጌራ ደን የታዩ ጥርኞች» የሚል ተጽፎበታል። ብዙ ሰው አምኖ አጋርቶታል።

ጥርኞች አይደሉም። ኮዋቲ ይባላሉ። በበለጠም በጌራም የሉም፤ በመላው አፍሪካ ጫካ ውስጥም አይገኙም። አገራቸው አሜሪካ ነው። ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምዕራብ፣ ከአሪዞና አካባቢ ጀምሮ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ አልፎ እስከ ኡራጓይና ሰሜን አርጀንቲና ድረስ ይኖራሉ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ልጆቻችን ስልክ ላይ ያዩትን እንስሳ በስሙ ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የራሳችን ጥርኝ ምን እንደሚመስል ሳያውቁ እንዳያድጉ እፈልጋለሁ። የጅማ ልጅ ጥርኝን ከሌላ እንስሳ መለየት ካልቻለ ማን ሊለይ ነው?

ስለ ስሙ የማውቀውን ላስቀድም። «ኮዋቲ» የመጣው በብራዚል ከሚኖሩት የቱፒ ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ሁለት ቃላት ተጋጥመው የተሠራ ነው የሚል ነው፤ አንዱ መቀነት፣ ሌላው አፍንጫ። እንስሳው ሲተኛ ተጠቅልሎ አፍንጫውን ሆዱ ውስጥ ይወሽቃል፣ ስሙም ከዚያ ወጣ ይባላል። ፖርቹጋሎቹ «ኳቲ» ብለው ወሰዱት፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ገባ። በመካከለኛው አሜሪካ ግን «ፒሶቴ» ነው የሚሉት፤ ይሄኛው ከናዋትል፣ ከአዝቴኮች ቋንቋ የመጣ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ «ናሱዋ» ይባላል፤ በላቲን አፍንጫ ማለት ነው። አፍንጫውን ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ከእንስሳት ምደባ ውስጥ የቱ ጋ እንደሚገባ ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ደስ ይለኛል። ጥርኝን በቅርብ የምታውቁም ኑ።


ሊሙ ቡና

ተባረክ ወንድሜ። እኔ ሊሙ ነው ያደግኩት። አባቴም አያቴም ጥርኝ ያረቡ ነበር፤ «ማርባት» እንላለን እንጂ ከጫካ ተይዞ ነው የሚመጣው። ቪዲዮውን ሳየው ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ጥርኝ እንዳልሆነ ገባኝ። እንዴት ብትሉኝ፦

ጥርኝ በቡድን አይሄድም። ብቻውን ነው። በቀንም እንዲህ በግልጽ መንገድ አያቋርጥም፤ የሌሊት አውሬ ነው። ቀን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ጥርኝ ሲቆጣ ወይም ሲፈራ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ያለው የጀርባ ፀጉሩ ይቆማል፣ እጥፍ ያህል ገዝፎ ይታያል። ሰውነቱ ላይ ነጠብጣብና ዥንጉርጉር መስመር አለው። የቪዲዮዎቹ እንስሳት ገላ ግን ወጥ ቡኒ ነው፤ ቀለበቱ ያለው ጅራታቸው ላይ ብቻ ነው።

አረማመዱም ይለያል። ጥርኝ በጣቶቹ ነው የሚረግጠው፣ እንደ ውሻ። እነዚያ ግን ሙሉ ውስጥ እግራቸውን መሬት ላይ እያሳረፉ ነው የሚሄዱት። ጥፍራቸውም ረጅም ነው፤ የሚቆፍር እንስሳ ጥፍር ነው።

ክብደቱም ሌላ ነው። ትልቅ ጥርኝ እስከ 20 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። እነዚያ ቀለል ያሉ ናቸው።


የባዮሎጂ መምህር

ጋሼ ሊሙ ቡና ያስቀመጡት ሁሉ ትክክል ነው። በተለይ ያ የአረማመድ ነገር። ኮዋቲ እንደ ድብና እንደ ሰው በሙሉ የእግሩ መዳፍ ይራመዳል። ትልቁ ኮዋቲም ቢበዛ 8 ኪሎ ቢደርስ ነው።

አሁን ወደ ምደባው ልግባ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። ኮዋቲን ከጥርኝ ጋር አንድ ያደረገው የቴሌግራም ሰው ብቻ አይደለም። የእንስሳትና የዕፅዋት ስም አሰጣጥን ሥርዓት ያስያዘው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ራሱ እንዲሁ አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1766 ባወጣው የመጽሐፉ 12ኛ እትም ሁለቱን የኮዋቲ ዓይነቶች «ቪቬራ ናሱዋ» እና «ቪቬራ ናሪካ» ብሎ መዝግቧቸዋል። «ቪቬራ» የጥርኞች ወገን ስም ነው። የእኛ አፍሪካዊ ጥርኝ ራሱ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1776፣ ሳይንሳዊ ስም ሲያገኝ «ቪቬራ ሲቬታ» ነበር የተባለው። ስለዚህ ለጥቂት ዓመታት የብራዚሉ ኮዋቲና የእኛ ጥርኝ በሳይንስ መዝገብ ላይ የአንድ ወገን ልጆች ነበሩ።

ሊኔየስ ያየውን ነው የጻፈው። ሾጣጣ ፊት፣ ቀለበት ያለው ረጅም ጅራት፣ ረዘም ያለ ገላ፣ ፍሬም ነፍሳትም የሚበላ አፍ። ከውጭ ሲታይ ይመሳሰላሉ። ደግሞ ልብ በሉ፦ የኮዋቲ እውነተኛ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ራኩን ሊኔየስ ከድቦች ጋር ነበር የመደበው።

በ1780 ሽቶር የሚባል ጀርመናዊ ኮዋቲን ከጥርኞቹ ለይቶ «ናሱዋ» የሚል የራሱ ወገን ሰጠው። የደቡብ አሜሪካው ኮዋቲ ዛሬ «ናሱዋ ናሱዋ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስሙ አፍንጫ በአፍንጫ ሆኗል። የመካከለኛው አሜሪካው፣ አፍንጫው ዙሪያ ነጭ የሆነው፣ «ናሱዋ ናሪካ» ነው። ከእነዚህ ሌላ በአንዲስ ተራሮች ላይ፣ በኮሎምቢያ፣ በኢኳዶርና በቬኔዝዌላ ከፍታዎች የሚኖሩ አነስ ያሉ የተራራ ኮዋቲዎች አሉ።

ታዲያ ኮዋቲና ጥርኝ ምን ያህል ይራራቃሉ? ሁለቱም አጥቢ ናቸው። ሁለቱም ሥጋ በል በሚባለው ትልቅ ክፍል ውስጥ ናቸው። ግን ያ ክፍል ገና ከጥንቱ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው የውሻ ወገን ነው፦ ውሻ፣ ቀበሮ፣ ድብ፣ የባሕር አንበሳ፣ ኦተር፣ ራኩን። ሌላው የድመት ወገን ነው፦ ድመት፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብ፣ ሞንጉስ፣ ጥርኝ። ኮዋቲ በውሻ ወገን ውስጥ፣ በራኩን ቤተሰብ ነው። ጥርኝ በድመት ወገን ነው። ሁለቱ መስመሮች ከተለያዩ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ይህን እንዴት ያውቃሉ ካላችሁ፣ ዘረመል ከመጠናቱ በፊት ዋናው ምስክር ጆሮ ነበር። ከራስ ቅሉ ሥር፣ ከጆሮ ቀዳዳ ጀርባ፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ድቡልቡል አጥንት አለች። በድመት ወገን ይህች አጥንት ውስጧ በስስ ግድግዳ ለሁለት ክፍል ይለያል። በውሻ ወገን ያ ግድግዳ የለም፣ ወይም ሙሉ አይደለም። ፀጉሩን፣ ጅራቱንና ቀለሙን ትታችሁ ይህችን አጥንት ብቻ ብታዩ ኮዋቲና ጥርኝ የሚለያዩበት ቦታ ግልጽ ይሆናል። ተማሪዎቼን የውሻና የድመት ራስ ቅል ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳያቸዋለሁ። ዓይናቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል።


አጋሮ 09

መምህር፣ ቆይ ቆይ። ጅብ የድመት ወገን ነው?! እኛ ከውሻ ነው የምንለው።


የባዮሎጂ መምህር

አዎ፣ ጅብ የድመት ወገን ነው። አካሄዱና ፊቱ ውሻ ያስመስለዋል እንጂ ለጥርኝና ለሞንጉስ ይቀርባል። ስለዚህ የእኛ ጥርኝ ለኮዋቲ ካለው ዝምድና ይልቅ ማታ ከከተማው ዳር ለሚጮኸው ጅብ ያለው ዝምድና ይበልጣል።


አጋሮ 09

እሺ፣ ታዲያ ከእኛ ጫካ ውስጥ ለኮዋቲ የሚቀርበው ማነው?


የባዮሎጂ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው። የራኩን ቤተሰብ በተፈጥሮው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ራኩን፣ ኮዋቲ፣ ኪንካጁ፣ ኦሊንጎ፣ እና ገና በ2013 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የተገለጸው ኦሊንጊቶ፤ ሁሉም ከዚያው ናቸው። እኛ ጋር የዚህ ቤተሰብ አባል አንድም የለም።

ነገር ግን የራኩን ቤተሰብ ጎረቤት የሆነው የእነ ኦተርና የእነ ባጀር ቤተሰብ እኛ ጋር አለ። ንብ አናቢ የሆነ ሰው በደንብ ያውቀዋል፦ ቀፎ ሰብሮ ማር የሚበላው፣ ጀርባው ነጣ ያለው፣ ሆዱ ጥቁር የሆነው ኃይለኛ አውሬ፣ የማር ባጀር። በመልክ ኮዋቲን ጨርሶ አይመስልም። በዘር ግን ከጥርኝ ይልቅ ለኮዋቲ የሚቀርበው እሱ ነው። የቪዲዮውን እንስሳ ከጅማ አውሬ ጋር ማዛመድ ካስፈለገ ትክክለኛው ዘመድ ይሄ ነው።


የቆጪ ልጅ

መምህር እጅግ አመሰግናለሁ። የማር ባጀሩን ፈጽሞ አልጠበቅኩትም። አባቶቻችን ቀፎውን ረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት አንድም እሱን ሸሽተው ነው።


ሃኒያ ጅ.

ሰላም፣ እኔ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ። አንዳንድ ቦታ «ኮዋቲሙንዲ» የሚል ስምም አይቻለሁ። ሌላ ዓይነት ነው ወይስ ያው ራሱ?


የቆጪ ልጅ

እህቴ፣ ያው ራሱ ነው። ይህ ታሪክ ከስሞቹ ሁሉ የምወደው ነው።

ሴት ኮዋቲዎች ከልጆቻቸው ጋር በቡድን ይኖራሉ። ቡድኑ አንዳንዴ እስከ 30 ይደርሳል። ያደጉ ወንዶች ግን ብቻቸውን ይዞራሉ፤ ከቡድኑ ጋር የሚቀላቀሉት በመራቢያ ወቅት ነው። የአገሩ ሰው ብቻውን የሚሄደውን በቱፒ-ጓራኒ ቋንቋ «ኮዋቲሙንዲ» አለው፤ ብቸኛው ኮዋቲ ማለት ነው። ከአውሮፓ የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ ብቻውን የሚሄደው ትልቅ እንስሳና በቡድን የሚሄዱት ትናንሾቹ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መሰሏቸው። ኋላ ላይ ነው አንዱ ወንዱ፣ ሌሎቹ ሴቶቹና ልጆቹ መሆናቸው የተረጋገጠው። የአገሬው ሰው ስሙን ሲሰጥ «ኮዋቲ ነው፣ ግን ብቻውን ነው» ብሎ ነበር። መልሱ ከመጀመሪያው ስሙ ውስጥ ነበረ።

እናትየዋ ልትወልድ ስትል ከቡድኑ ትለይና ዛፍ ላይ ጎጆ ትሠራለች። ከ10 እስከ 11 ሳምንት አርግዛ ነው የምትወልደው። ልጆቹ መራመድና መውጣት ሲችሉ ይዛቸው ትመለሳለች።


ሃኒያ ጅ.

በጣም ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ። ጥርኝስ ላይ እንዲህ ያለ የስም ታሪክ አለ?


ሊሙ ቡና

አለ እንጂ ልጄ። ፈረንጆቹ ጥርኝን የሚጠሩበት «ሲቬት» የሚለው ስም ከዐረብኛው «ዘባድ» የመጣ ነው። እኛ ዝባድ የምንለው፣ ከጥርኝ የሚጠረገው ለሽቶ የሚሆን ቅባት ማለት ነው። ሳይንሱም ዛሬ የእኛን ጥርኝ ከእስያዎቹ ለይቶ «ሲቬቲክቲስ» ይለዋል፤ ውስጡ ያው ዝባድ አለ። እንስሳው በዝባዱ ስም ተጠራ።

ዝባዱ ከእነ ሊሙና ከእነ ጎማ ተነስቶ በከብት ቀንድ ታሽጎ ሂርማታ ገበያ ይወርድ ነበር። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.፣ ሂርማታ ቡናውም የዝሆን ጥርሱም ዝባዱም የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነበር። ነጋዴው ከጎንደርም ከሸዋም ይመጣል። ጥርኝ ለጅማ ተራ አውሬ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የሚያዘው ወንዱ ነው። በጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ መዞር እንኳ ሳይችል ዕድሜውን ይጨርሳል። ዝባዱ የሚጠረገው በየጥቂት ቀኑ ነው። ልጅ ሆኜ ከእሳቱ አጠገብ ሲያቃስት እሰማ ነበር። የአባቶቼን ሥራ አከብራለሁ፣ ያሳደገኝም እሱ ነው። ግን ዛሬ የሚያረቡ ሰዎች ቤቱን ሰፋ ቢያደርጉለት፣ ምግቡንም ቢያስተካክሉለት እለምናለሁ። ሃኒያ፣ አንቺ ሐኪም ስትሆኚ ይህን ጉዳይ ያዥልን።


ሃኒያ ጅ.

እሺ ጋሼ። ከልቤ ነው የምልዎት፣ የመመረቂያ ጥናቴን በዚሁ ላይ ብሠራው እያሰብኩ ነው።


የጅሬን ልጅ ከአሪዞና

እንደምን ናችሁ የአገሬ ሰዎች። ጅሬን ተወልጄ አሁን አሪዞና ነው የምኖረው። ክሩን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሜክሲኮ ድንበር ወዲህ ባሉት ተራሮች ላይ፣ በቺሪካዋ፣ ኮዋቲ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቀን ነበር። የወደቀውን ቅጠል በአፍንጫቸው እየገለበጡ ይሄዳሉ። አፍንጫቸው ወደ ላይም ወደ ጎንም ይታጠፋል፤ ድንጋይ ሥር፣ የግንድ ስንጥቅ ውስጥ፣ የማያስገቡበት ቦታ የለም። ነፍሳት፣ ሸረሪት፣ እንሽላሊት፣ የወደቀ ፍሬ፣ ያገኙትን ይበላሉ። ፀጉራም ሸረሪት ሲያገኙ መሬት ላይ በእጃቸው እያንከባለሉ ፀጉሩን ያራግፉና ከዚያ ይበሉታል። አንዷ እንደ ውሻ ስትጮህ ሁሉም ባንድ ጊዜ ዛፍ ላይ ወጡ። ሲወርዱ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ነው። የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያቸው ስለሚዞር ነው ይህን የሚችሉት።

ጅራታቸውን ወደ ላይ የሚያቆሙት በረጅም ሣር ውስጥ እንዳይጠፋፉ ነው ይላሉ እዚህ። አይቼዋለሁ፤ ገላቸው ሳይታይ ጅራታቸው ብቻ በሣሩ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል።


አጋሮ 09

ቡና ይበላሉ? ጥርኝ ቀይ ቡና እንደሚወድ እኛ ማሳ ላይ እናያለን።


ሊሙ ቡና

ጥርኝማ የበሰለውን መርጦ ነው የሚበላው። ኩሱን የሚጥልበትም የተወሰነ ቦታ አለው፤ እየተመላለሰ እዚያው ይጥላል። እዚያ ላይ ፍሬው ሳይፈጭ ታገኘዋለህ። ዝናብ ሲመጣ የቡና ችግኝ የሚበቅልበት ጊዜ አለ። ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የምታየው ቡና አንዳንዱ የእሱ ሥራ ነው።


የቆጪ ልጅ

ኮዋቲም ይበላል። ፔሩ ውስጥ ኮዋቲ የበላውን ቡና ከኩሱ ለቅመው፣ አጥበውና ቆልተው በውድ ዋጋ ይሸጡታል፤ «ሚሻ» ይሉታል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ በእስያ የዘንባባ ጥርኝ የሚሠራው «ኮፒ ሉዋክ» አለ። አንዱ የውሻ ወገን፣ ሌላው የድመት ወገን። ሁለቱም የበሰለ የቡና ፍሬ ይወዳሉ። ስለዚህ ሊኔየስን ያሳሳተው መመሳሰል ከመልክ አልፎ ምግብም ላይ አለ።

ነገር ግን በዓለም ላይ ለእንዲህ ያለው ቡና ብለው እንስሳውን በጠባብ ሽቦ ቤት ቆልፈው ቡና ብቻ የሚያበሉ አሉ። ጋሼ ሊሙ ቡና ያነሱት ጉዳይ እዚያም አለ። የጅማ ቡና ያለዚህም የከበረ ነው።


ብሩክ ቤተ እንስሳ

ቆንጆ እንስሳ ነው። ከውጭ አስመጥቶ ማሳደግ ይቻላል? ለልጆች ጥሩ ይመስለኛል።


ሃኒያ ጅ.

ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ሐሳብ ተወው። ኮዋቲ ሲያድግ የሚናከስ እንስሳ ነው፤ የላይኛው ክራንቻው እንደ ቢላ የሳለ ነው። በኢጉዋሱ ፏፏቴ፣ በአርጀንቲናና በብራዚል ድንበር ላይ፣ ከጎብኚ እጅ ምግብ እየነጠቁ ስለሚናከሱ ማስጠንቀቂያ በየቦታው ተለጥፏል።

ካመለጠ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሁሉን የሚበላ ስለሆነ በሄደበት የወፍ እንቁላልና ጫጩት ያጠፋል። ቺሊ ውስጥ በሮቢንሰን ክሩሶ ደሴት ሰው ወስዷቸው የባሕር ወፎቹን ጎድተዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወራሪ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ የደቡብ አሜሪካው ኮዋቲ አለበት። እኛ ጋር ቦዬ ረግረግ ላይ ምን ያህል ወፍ እንዳለ ታውቃለህ። እንዲህ ያለ እንስሳ እዚያ ሲገባ አስበው።


ብሩክ ቤተ እንስሳ

ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቪዲዮ ይበቃኛል።


አጋሮ 09

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ልጄ ነው ያስጠየቀኝ። ኮዋቲ በጅራቱ ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል ወይ?


የባዮሎጂ መምህር

አይንጠለጠልም። ጅራቱ ቅርንጫፍ ላይ ሚዛን ለመጠበቅ ነው የሚረዳው እንጂ አይዝም። ከራኩን ቤተሰብ በጅራቱ የሚይዘው ኪንካጁ ነው። ለልጅህ ይህንንም ንገረው፦ ከጥርኝ ቤተሰብም አንድ በጅራቱ የሚይዝ አለ፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚኖረው ቢንቱሮንግ። ሁለቱም ዛፍ ላይ የሚኖሩ፣ ሁለቱም ፍሬ የሚወዱ ናቸው። አንዱ ከሌላው አልወረሰውም፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ተለያይተው በየአህጉራቸው ለየብቻ ያገኙት ነው። ሥዕሎቹን ነገ እዚሁ እለጥፋቸዋለሁ።